ሕፃኑን ማን ይያዝላት?

ልብስ በማጠብ፣ እንጀራ በመጋገር ወይም ጉልት ተቀምጣ በመቸርቸር የምትተዳደር የከተማ እናት ስትወልድ ገቢዋ በዚያው ዕለት ይቆማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ይህ ግን ቅጥር ላላት ሠራተኛ ነው። ከቤት ቤት እየዞረች የምታጥበው እናት ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የላትም። ጎረቤት ያመጣላት ገንፎ ሲያልቅ ሕፃኑን አዝላ ወደ ሳፋዋ ለመመለስ ትገደዳለች፤ ልጅ ያዘለች አጣቢ ደግሞ የሚያሠራት አታገኝም።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሥራ ሲጀምር ካቀፋቸው መካከል እንዲህ ያሉ እናቶች ብዙዎች ነበሩ። በየሠፈሩ የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ የሚያውቁ ነዋሪዎች በኮሚቴ ሆነው ችግረኛውን ይመርጣሉ። መሥራት የሚችለው መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ችግኝ ይተክላል። አቅም ለሌላቸው አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል።

ክፍያው የሚታሰበው በቤተሰቡ ቁጥር ነበር። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ ለአንድ ቤት ቢበዛ 20 ቀን ሥራ ይታሰባል። በመጀመሪያ የቀኑ ክፍያ 60 ብር ስለነበር አንዲት እናት ከ3 ልጆቿ ጋር በወር 1,200 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ለ4 ሰው የተደለደለ ሥራ ነው፤ መጥረጊያውን የምትይዘው ግን እርሷ ብቻ ናት። ከክፍያው አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 240 ብሩ፣ በባንክ እንዲቆጠብ ስለሚደረግ በእጇ የሚገባው 960 ብር ነው።

ሽሮ ለጎደለባት እናት ከየ60 ብሩ 12 ብር ሲቀነስባት ቅር ቢላት አይፈረድባትም። ይሁን እንጂ ቁጠባው የታሰበው ለመውጫዋ ነው። ሴፍቲኔት የዕድሜ ልክ ጡረታ አይደለም፤ የተወሰነው ለ3 ዓመት ነበር። በመጨረሻም ሥልጠና ወስዳ የሥራ ዕቅድ ላቀረበች ተጠቃሚ 500 ዶላር ያህል መነሻ በብር ይሰጥ ነበር። ምጣድና ጤፍ ለመግዛት ወይም ጉልቷን ወደ ሱቅ ለማሳደግ ይህና የቆጠበችው ገንዘብ ሲደመሩ ቀላል አይደሉም።

የሠፈሩ ሌሎች ሠራተኞችም አልተጎዱም። በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙ ሰዎች ወደ ሴፍቲኔቱ ሥራ ሲገቡ በግል ሥራ ላይ የቀሩት የቀን ሠራተኞች ክፍያ ከፍ ብሏል። በርካሽ የሚሠራ እጅ ሲያንስ አሠሪው መጨመር ግድ ሆኖበታልና።

እናትን የሚይዛት ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። በጠዋት ወደ ጠረጋው ስትወጣ ሕፃኑ የት ይዋል? ለ8 ዓመቷ እህቱ ቢተው ልጅቷ ከትምህርት ትቀራለች። አያት በቅርብ ያላት ዕድለኛ ናት። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ይህን ጥያቄ ማየቱ የሚያስመሰግን ነው። በሥራ ቦታዎች አጠገብ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ታስቦ፣ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ሠልጥነው ልጆችን የሚጠብቁ ተመደቡ፤ ልጅ መጠበቃቸውም እንደ ሥራ ቀን ተቆጠረላቸው። በየቤቱ ያለ ክፍያ ሲሠራ የኖረ ልጅ መያዝ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖ መመዝገቡ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከመነሻ ገንዘቡ ባልተናነሰ ሁኔታ ሊጠቀስ ይገባዋል።

ችግሩ የሚመለሰው ከምረቃ በኋላ ነው። እናቲቱ ወደ ፕሮግራሙ በገባችበት ዓመት የወለደችው ልጅ፣ 3ቱ ዓመት ሲያበቃ መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት ገና አይደርስም። እርሷ ግን ከማኅበር ሥራ ወጥታ የራሷን ምጣድ ጥዳለች፤ እሳቱ ሲነድ ልጁ አጠገቧ ይሯሯጣል። በየወረዳው የሚከፈቱት ማቆያዎች እነዚህን ተመራቂ እናቶች የሚቀበሉበት መንገድ ቢታሰብበት፣ ለቁጠባውና ለሥልጠናው የወጣው ድካም በዚያች አንድ ዓመት አይመክንም።