የጣና ነጭ ዓሣ ለምን እያነሰ ሄደ?

እኛ በካርቱም ማዮ የምንኖር ኢትዮጵያውያንን ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ ወንዝ በዚህችው ከተማ ያልፋል። ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ውሃ በጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ረጅሙን ሸለቆ ተከትሎ ሱዳን ይገባና ሞግረን ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ውሃው እኛ ዘንድ ቢደርስም፣ በጣና የሚኖሩ አንዳንድ ዓሦች ግን በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ በቀር የትም አይገኙም። ስለ እነርሱ ማወቅ ለተማሪዎችም ለወላጆችም ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

የጣና አጥማጆች ዓሣውን በዋናነት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ብለው ይለዩታል። ነጭ ዓሣ በስሙ አንድ ይምሰል እንጂ፣ ተመራማሪዎች በውስጡ 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌሎች ዓሦችን እያደኑ ይበላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከሐይቁ ወለል ትናንሽ ነፍሳትን ይለቅማሉ። አብዛኞቹ በጣና ብቻ ሊገኙ የቻሉት፣ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ነው። ስለዚህ ከጣና ከጠፉ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምቱ ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያሉ ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ወንዙን ሽቅብ ወጥተው፣ ውሃው ጠርቶ በሚፈስበትና ታቹ ጠጠር በሆነበት ቦታ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዕንቁላሉ አየር የሚያገኘው በጠጠሩ መካከል በሚያልፈው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ደለል ከሸፈነው ይታፈናል።

አደጋውም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ገባ። በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖረው ዓሣ በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ፣ በአንድ መረብ ብዙ ማውጣት ተቻለ። በወንዞቹም የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ በመጨመር ዓሣውን በመርዝ የሚይዙ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ገደማ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ የነጭ ዓሣ መጠን በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። የትንንሾቹ መቀነስ ይበልጥ ያሳስባል፤ ወላጆቹ ሳይራቡ ተይዘው እንደቀሩ ያመለክታልና። ገበሬ ቢቸገር እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል መንካት ይከብደዋል፤ በወንዝ አፍ በክረምት የሚጠመደው ዓሣም የሐይቁ ዘር ነው።

እንዲህ ያለው ችግር በጣና ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ልባስ ያለው ጥንታዊ የባሕር እንስሳ አለ። በግንቦትና በሰኔ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ፣ ከባሕር ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ዕንቁላል ይጥላል። ያን ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ በብዛት እየተለቀመ ለዓሣ ማጥመጃ ምግብ ስለዋለ ቁጥሩ ወረደ፤ ዕንቁላሉን እየበሉ ሩቅ አገር የሚበሩ ወፎችም ተጎዱ። ኒው ጀርዚ የተባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን እንስሳ መልቀምን ከለከለ። ለመራቢያ የሚሰበሰብ እንስሳ በቀላሉ ስለሚያዝ፣ ቦታውንና ወቅቱን መጠበቅ የግድ ነው።

በጣናም ጥበቃው ከመረብ ያልፋል። የተራቆተ ተራራ አፈሩን ወደ ወንዝ ይለቃል፤ ለመስኖ የሚሠራ ግድብ ዓሣው ሽቅብ የሚወጣበትን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ደንገል የበቀለበት ረግረግ እየታረሰ ሲሄድ ደግሞ ትንንሽ ዓሦች መጠለያ ያጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ይሸፍናል። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥታለች፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠቅመው በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ሲከበር ነው። ለዚህም አጥማጁ እነዚያን ወራት የሚሻገርበት ሌላ ገቢ ያስፈልገዋል።

ይህ እኛንም ይመለከታል። በጣና ዳር የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሸጥ ኖሯል። እዚህ ያለው ገዢ የሚፈልገው መጠን እዚያ ያለውን መረብ ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ወላጆች ገበያ ሲወጡ ዓሣው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ ገና ያላደገውንም አይግዙ። ተማሪዎችም በዓባይ ዳር ሲያልፉ ያ ውሃ ከየት እንደተነሳ ያስቡ፤ በምንጩ ያለውን ሕይወት ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ እንዳይሆኑ ምኞታችን ነው።