ከመቅደላ የወጡት የዐፄ ቴዎድሮስ ዕቃዎች

የአንድ ንጉሥ ሥራ በዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ብዕር ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በእጁ ይዞት የነበረው፣ ለብሶት የነበረውና አጠገቡ አስቀምጦት የነበረው ዕቃም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ከሞቱ በኋላ ወደ ባሕር ማዶ ስለ ተወሰዱት ዕቃዎች ነው። ስለነዚህ ዕቃዎች ብዙ ተብሏል፤ የሚበዛው ግን ወርቁንና ብሩን የሚመለከት ነው። እኛ ግን ንጉሡ ስለ መንግሥታቸው ያሰቡትን ነገር ከወርቁ ይልቅ አብልጠው የሚናገሩት ትንንሾቹ ዕቃዎች ናቸው ብለን እናምናለን።

ነገሩ እንዳይደባለቅብን አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በመቅደላ የነበረው ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የንጉሡ የገዛ ራሳቸው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ንጉሡ ከየስፍራው ሰብስበው በአምባው ያከማቹት የአብያተ ክርስቲያናት ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ ነው። ዛሬ በልማድ ሁሉም «የቴዎድሮስ ዕቃ» ይባላል። ልዩነቱን ያላስተዋለ ሰው ግን የንጉሡን በጎ ሥራም ሆነ ጥፋታቸውን በትክክል ሊያይ አይችልም።

ከራሳቸው ዕቃ ማኅተማቸውን እናስቀድም። በማኅተሙ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀርጾበታል፤ በግእዝ ፊደልና በዐረብኛም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አለበት። ይህ ለዛሬ አንባቢ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በዘመነ መሳፍንት ከሰማንያ ዓመት በላይ የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ ተቀምጠው፣ ሹም ሽሩም ጦሩም ግብሩም በራሶችና በደጃዝማቾች እጅ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። አንዱ መስፍን ሲፈልግ ያነግሣል፣ ሲፈልግ ያወርዳል። ከቋራ የተነሡት ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ፣ ንጉሠ ነገሥት የሚለው ስም እንደገና ትርጉም አገኘ። እንግዲህ ይህ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የአንድ አውራጃ ገዥ ቃል ሳይሆን የመላው አገር ቃል ነው ማለት ነው። ዐረብኛው ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ምጽዋን የያዙት ቱርኮችና ጎረቤቶቻቸው ግብጾች እንዲያነቡት ይመስለናል።

በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ንጉሡ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ወዳጅነት ነው፤ መልእክተኞቻቸውን ለመላክም ፈልገው ነበር፤ ቱርኮች በር እንደ ዘጉባቸውም አስታወቁ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡም ሲጠብቁ ቆይተው፣ መናቃቸውን ባወቁ ጊዜ፣ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ ቀጥሎም ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግዳንና መልእክተኛን ማሰር የሚደገፍ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ጦርነቱን ያመጣው አንድ መልስ ያልተጻፈለት ደብዳቤ መሆኑን እንግሊዞችም አልካዱትም።

አሁን ደግሞ ሽጉጡን እንመልከት። ከዚያ ቀደም ሲል ንግሥት ቪክቶሪያ ለቴዎድሮስ ጥንድ ሽጉጥ ልካላቸው ነበር፤ በላዩም ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ይህ ቆንሲል ፕላውደን የንጉሡ እውነተኛ ወዳጅ ነበር፤ በ1852 ዓ.ም. ሽፍቶች አቍስለውት በሞተ ጊዜም ንጉሡ ደሙን ተበቅለውለታል። እንግዲህ የወዳጅነት ምልክት ሆኖ የመጣው ይህ ሽጉጥ በመጨረሻ ምን አገልግሎት እንደ ሰጠ ሁሉም ያውቃል።

የዚያን ሳምንት ቀኖች በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ማስታወስ ይገባል። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ንጉሡ በቍጣ ብዙ አገራቸው ሰው የሆኑ እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ የንጉሡ ጦር ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ገጥሞ እጅግ ብዙ ሰው አለቀበት። በፋሲካ ዕለት ንጉሡ ለእንግሊዞች መፈሰኪያ ይሆናቸው ዘንድ ላምና በግ ላኩ። በአገራችን ደንብ መፈሰኪያ መቀበል ዕርቅን መቀበል ነውና፣ ናፒየር ስጦታውን አልቀበልም ማለቱን በሰሙ ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንዳበቃ ገባቸው። ሰኞ፣ ማዕዶት በምንለው ቀን፣ ወታደሮቹ በኰኬት በር ሲገቡ ንጉሡ በዚያው በንግሥቲቱ ሽጉጥ ራሳቸውን ገድለው አገኟቸው። በገዛ እጅ ነፍስን ማጥፋት በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው፤ ይህን አንሸፍነውም። ነገር ግን እጄን አልሰጥም ያሉት ለምን እንደ ሆነ ሕዝቡ ተረድቶላቸዋል፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ ድረስ በፍቅር ይነሣል።

ወታደሮቹ ሬሳውን ባገኙ ጊዜ ልብሱን እየቀደዱ ለመታሰቢያ ተካፈሉት፤ ጠጕሩንም ቈረጡት። ያን የተቀደደ ልብስ በሚመለከት ማለት የምንፈልገው አለ። ንጉሡን ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ቴዎድሮስ እንደ ተራ ወታደር ቀለል ያለ ልብስ የሚለብሱ፣ ብዙ ጊዜም ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰው እንደ ነበሩ ይመሰክራሉ። ኑሯቸው ከቤተ መንግሥት ይልቅ በድንኳን ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ መንገድ ሲጠረግ ራሳቸው ድንጋይ አንሥተዋል። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እሳቸውም የወርቅ ካባ ደርበው ስድቡን ለመሸፈን አልሞከሩም። በጋፋት አውሮፓውያንን ሰብስበው ያሠሩት ሥራም ጌጥ አልነበረም፤ መድፍ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል እንግሊዞች ሊወስዱት ያልቻሉት አንዱ ዕቃ ነው፤ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አገሪቱን አንድ ለማድረግና በእጅ ሥራ ከአውሮፓ ጋር ለማስተካከል የነበራቸው ሐሳብ ከዚህ ከተባለው ሁሉ ይነበባል።

ስለ ሁለተኛው ዓይነት ዕቃ መናገር ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ቀላል አይደለም። ንጉሡ ካህናቱ ብዙ መሬት ይዘዋል በማለት ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ለጥቂት ቀሳውስትና ዲያቆናት የሚበቃ ብቻ ቀርቶ ሌላው ለገባር እንዲሰጥ ፈለጉ። ከዚህም የተነሣ ከካህናቱና ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣሉ፤ አቡኑም በመቅደላ ታስረው በዚያው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት አስጭነው ወደ መቅደላ አመጡ። ሐሳባቸው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ታላቅ የመጽሐፍ ቤት ማቋቋም ነበር። የተበታተነውን በአንድ ስፍራ መሰብሰብ የመንግሥታቸው መሠረት ነውና ይህም ከዚያው ሐሳብ የወጣ ነው፤ አሰባሰቡ ግን በእሳትና በግፍ ሆነ። በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ያለው የወርቅ ዘውድ ብዙ ሰው ቴዎድሮስ የደፉት ይመስለዋል። ዘውዱ ከእሳቸው መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቍስቋም ማርያም ከወርቅ ጽዋ ጋር እንደ ሰጡት ይታመናል። እንግዲህ መጀመሪያ ከጎንደር፣ ቀጥሎ ከመቅደላ፣ ሁለት ጊዜ ተወስዷል ማለት ነው።

እንግሊዞች ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ጭነው በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሸጡት። ሪቻርድ ሆልምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ያንን የወርቅ ዘውድና ጽዋውን ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ፤ 350 የሚያህል የብራና መጽሐፍም ለቤተ መዘክሩ ወሰደ። ከቀረው መጽሐፍ ብዙው በጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተተወ።

መመለሱ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ጽፈው ክብረ ነገሥትን አስመለሱ። በ1917 ዓ.ም. አንድ የብር ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተላከ፤ የወርቁ ግን እዚያው ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ አገራችንን ሲጐበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስረከቡ፤ ያ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ከተጻፈ 102 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ለሐራጅ ቀርበው የነበሩ አንድ ዘውድ፣ ጋሻና የቀንድ ዋንጫዎች ተገዝተው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። ቤተ መዘክሩ ግን በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን ዕቃዎች ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን አለ፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የአገሩ ሕግ መስጠትን ይከለክላል ተብሎ ነው። የገዛ ንብረትን መዋስ የሚለው ነገር በእኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚተረጐም አናውቅም።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከሬሳው የተቈረጠው ጠጕር ከለንደን የጦር ቤተ መዘክር ተመልሷል። ይህ ዕቃ አይደለም፤ የሰው ገላ ነው። ከንጉሡ ዐፅም ጋር በሥላሴ ገዳም እንዲቀበር ታስቦ ነው የተጠየቀው። የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ጠጕርም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። ልዑሉ ግን በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሰር ተቀብሯል፤ ዐፅሙ ይመለስልን የሚለውን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለውም።

እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ከአንድ ወር በኋላ ከእንግሊዞች ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ታመው ሞቱና በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። የጥልፍ ቀሚሳቸውና የአንገት ጌጣቸው ለንደን ናቸው።