የሚገምተው ጸሐፊ

እ.ኤ.አ. በ1990 ድራገን ዲክቴት የተባለው ፕሮግራም ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 9,000 ዶላር ነበር። ገዢው ማይክሮፎኑን አስተካክሎ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ይጽፋል። አነጋገሩ ግን ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ዓይነት አልነበረም። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ አጭር ዝምታ ማስገባት ግድ ነበር። «ደብዳቤው» ብሎ ዝም፤ «ትናንት» ብሎ ዝም፤ «ደርሶኛል» ብሎ ዝም። አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ማሽኑ መለየት ስለማይችል ያንን ሥራ ተናጋሪው ይሠራለት ነበር። ይህን ሁሉ ችለው ከተጠቀሙበት መካከል እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በአደጋ ክንዳቸው የተጎዳ፣ ለዓመታት ከመተየብ ብዛት የእጃቸው ጅማት የታመመ። ለእነሱ ነገሩ የምቾት ጉዳይ አልነበረም፤ ሥራ መያዝና ማጣት ነበር።

ዛሬ ከዚያ እጅግ የተሻለ ነገር በብዙዎቻችን ስልክ ውስጥ ያለ ክፍያ ተቀምጧል፤ በአማርኛም ይሠራል። ብዙ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክረውና የተጣመመ ዓረፍተ ነገር ሲያወጣለት ይተወዋል። መተዉ የሚያሳዝነኝ፣ አብዛኛው ጥመት የሚመጣው መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ካለማወቅ ስለሆነ ነው።

እየተናገሩ ማስጻፍ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚለው ማዕረግ የቤተ መንግሥቱን ቃል ከሚጽፍ ሰው ሥራ የመጣ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶችም ለሩቅ ዘመድ የሚላከውን ደብዳቤ ለተማሪ ልጅ እየነገሩ ሲያስጽፉ ኖረዋል። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 «ቁማርተኛው» የተባለውን ልብ ወለድ በ26 ቀናት ውስጥ የጨረሰው አና ለተባለች የፈጣን ጽሕፈት ባለሙያ ወጣት እየነገረ ነው፤ አና ኋላ ሚስቱ ሆነች። ደራሲው ሄንሪ ጄምስም ከ1897 ጀምሮ የእጁ አንጓ ስላስቸገረው ልብ ወለዶቹን ለታይፒስት እየተናገረ ነበር የሚያስጽፈው። እነዚህ ሁሉ ጸሐፊዎች ግን ሰዎች ናቸው። ሳሉን ይዘልላሉ፣ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፣ ከሁሉም በላይ ወሬው ስለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ማሽኑ ሊተካው የሚገባው ጆሯቸውን ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች በጆሮው ላይ ብቻ አተኮሩ። የቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራት ኦድሪ አሥሩን አኃዞች፣ ያውም የለመደችውን አንድ ሰው ድምፅ ትለይ ነበር። አይቢኤም ከ10 ዓመት በኋላ በሲያትል የዓለም ትርኢት ላይ ያሳየው ሹቦክስ ደግሞ የሚያውቀው 16 ቃል ነው። መንገዱ የመጣውን ድምፅ ቀድሞ ከተቀመጠ የድምፅ መልክ ጋር ማስተያየት ነበር። ችግሩ ማንም ሰው አንድን ቃል ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አድርጎ አለመናገሩ ነው። ሲቸኩል ያሳጥረዋል፣ ሲከፋው ይጎትተዋል፣ ጉንፋን ሲይዘው ያፍነዋል።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። አንድሬይ ማርኮቭ የተባሉት የሩሲያ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1913 የባለቅኔውን የፑሽኪንን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ይዘው 20,000 ፊደላት ቆጠሩ። ማወቅ የፈለጉት አንድ አናባቢ ከመጣ በኋላ ሌላ አናባቢ ወይም ተነባቢ የመምጣቱ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ነበር። በ1970ዎቹ ጄምስ ቤከር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬድሪክ ጄሊኔክና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በአይቢኤም ይህን ሐሳብ ወደ ንግግር አመጡት። የሰዋስው ሕግ ለማሽኑ ማስተማርን ትተው ቆጠራ አስተማሩት፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቀጥሎ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ቃል ቀጥሎ ይመጣል የሚለውን። የጄሊኔክ ቡድን በ1980ዎቹ አጋማሽ የሠራው ሥርዓት 20,000 ያህል ቃላት ያውቅ ነበር፤ ስሙንም በመተየብ ውድድር ስመ ጥር ከነበረው ከአልበርት ታንጎራ ወስዶ ታንጎራ ተባለ።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ማይክሮፎኑ የያዘው ድምፅ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 16,000 ጊዜ ይለካል። ከዚያ አንዱ ሰከንድ በጥቃቅን ቁራጮች ይከፈላል፤ የተለመደው የቁራጩ ርዝመት 25 ሺኛ ሰከንድ ሲሆን አዲሱ ቁራጭ በየ10 ሺኛ ሰከንዱ ይጀምራል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይመዘገባል። ማሽኑ ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ያመዛዝናል፤ ይህ ድምፅ ምን ይመስላል፣ ደግሞስ ከዚህ በፊት ከተባለው ጋር ምን ይስማማል? «ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናብ ሊ…» ብሎ አንድ ሰው ቢያስነጥሰው አጠገቡ ያለው አድማጭ ቃሉን ይሞላለታል። ማሽኑም እንደዚሁ ያደርጋል። አድማጩ ግን ደመናውን አይቶታል፤ ማሽኑ ያለው ከዚህ በፊት የተጻፉና የተነገሩ ዓረፍተ ነገሮች ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጽፈው የሰማውን ሳይሆን ከሰማው ተነሥቶ ይሆናል ያለውን ነው።

ጄምስ ቤከር ከባለቤታቸው ከጃኔት ጋር ድራገን ዲክቴትን ያወጣውን ድራገን ሲስተምስን እ.ኤ.አ. በ1982 በማሳቹሴትስ መሠረቱ። በ1997 ያወጡት ናቹራሊስፒኪንግ በየቃሉ መካከል የነበረውን ዝምታ አስቀረ፤ ሰው እንደ ልማዱ በደቂቃ 100 ቃል ያህል እየተናገረ ማስጻፍ ቻለ። የኩባንያው መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ባልና ሚስቱ በ2000 ለአንድ የቤልጂግ ኩባንያ በአክሲዮን ክፍያ ሸጡት። ብዙም ሳይቆይ የገዢው ሒሳብ በማጭበርበር የተሞላ እንደነበር ታወቀ፣ አክሲዮኑም ዋጋ አጣ። የድካማቸው ፍሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ኒዩዋንስ በተባለ ኩባንያ ሥር ገባ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ኒዩዋንስን በ2022 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለው። ለዚያ ዋጋ ትልቁ ምክንያት ሆስፒታሎች ነበሩ፤ በአሜሪካ ብዙ ሐኪሞች የሕመምተኛውን ማኅደር የሚሞሉት እየተናገሩ ነውና።

ከ2010 በኋላ ቆጠራው በነርቭ መረብ በሚባለው የስሌት ዘዴ እየተተካ ሄደ። ዋናው ምግቡም ሰዎች የተናገሩት ድምፅና የዚያ ድምፅ ጽሑፍ ሆነ። ኦፕንኤአይ በ2022 ያወጣው ዊስፐር የተባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሥርዓት የተማረው ከ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንግሊዝኛ ነበር።

ከዚህ ቁጥር አጠገብ የአማርኛውን እናስቀምጥ። ሰሎሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ መንዝልና ባይሩ ታፍላ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅተው በ2005 ይፋ ያደረጉት የአማርኛ ንግግር ክምችት ለማሽኑ ማስተማሪያ የያዘው 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ያህል ድምፅ ነው። መጠኑ ትንሽ ይምሰል እንጂ የአማርኛ ንግግር ምርምር ለዓመታት የቆመው በእሱ ላይ ነበር። ሰሎሞን ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የሚይዝ መሆኑን ተጠቅመው 233 ክፍለ ቃላትን ማሽኑ ድምፅን የሚለይባቸው አሃዶች አደረጓቸው። ማርታ ይፍሩ ደግሞ እዚያው ሃምቡርግ በቃል እርባታ ላይ ሠሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ስላልተነጋገርንበት» ስንል በአንድ ቃል ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ጠቅልለናል። እንዲህ ያለውን ቃል ሁሉ በዝርዝር መያዝ የሚችል መዝገብ የለም፤ ስለዚህ ቃሉን በምዕላድ፣ ማለትም ትርጉም በያዙ ትንንሽ ክፍሎቹ፣ መበተን አስፈለገ። ዛሬ በስልካችን ማይክሮፎን ስንነካ የአማርኛውን ምርምር ቀድመው የገፉት የእነዚህ ሰዎች ስም ሊነሣ ይገባል።

ጎግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 አማርኛንና ስዋሂሊን ጨምሮ 30 ቋንቋዎችን በድምፅ ለመጻፍ ሲከፍት ነገሩ ከምርምር ክፍል ወጥቶ መንገድ ላይ ደረሰ። የጂቦርድ ቁልፍ ሰሌዳ ባለው አንድሮይድ ስልክ ላይ አማርኛን ከቋንቋዎቹ መምረጥና የማይክሮፎኗን ምልክት መንካት ነው። አንድን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ለሚያታክተው ሰው እፎይታ ነው። የበለጠ የምደሰተው ግን በውጭ አገር ስላደጉ ልጆች ሳስብ ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም አድጎ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ፊደል ግን ያልለመደ ልጅ ለአያቱ በፊደል የተጻፈ መልእክት መላክ ይችላል። ማንበብ እንኳ ባይችል የጻፈው የራሱን ንግግር ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2016 በስልክ ላይ ባደረጉት ሙከራ በእንግሊዝኛ መናገር ከመተየብ ሦስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ተገኝቷል። ለእኔ ግን ጥቅሙ ሌላ ነው። ሪቻርድ ፓወርስ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ልብ ወለዶቹን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ለማሽን እየተናገረ እንደሚጽፍ በ2007 አስነብቧል፤ ስጠቀምበት ምክንያቱ ይገባኛል። በድምፅ የተጻፈ አማርኛ አንደበት ያለው ነው። ስተይብ ወደ ቢሮ አማርኛ እንደማዘንብል አስተውያለሁ፤ «ከማድረግ አኳያ» እና «ከመሆኑ ጋር ተያይዞ» ይበዛሉ። ስናገር ወደ ግሡ ቶሎ እደርሳለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ትንፋሽ በሚችለው ልክ ያጥራል። ለመጀመሪያ ረቂቅ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ለማረም ግን አልጠቀምበትም፤ ቃል መለወጥና ቦታ ማዛወር የዓይንና የእጅ ሥራ ነው።

ማሽኑ የሚገምት መሆኑን ያወቀ ሰው አነጋገሩን ይለውጣል። አንድ አንድ ቃል ነጥሎ መናገር በ1990 ይጠቅም ነበር፤ ዛሬ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ብቻውን የቆመ ቃል የሚደግፈው ጎረቤት የለውም። ሐሳቡን በልብ ጨርሶ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከነግሡ በአንድ ትንፋሽ ማውጣት ይሻላል። በእኛ ቋንቋ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ በመሀል መቆም ማሽኑን ዋናውን ፍንጭ ይነሣዋል። ስክሪኑን እያዩ መናገርም አይመከርም፤ ገና ያልጨረሰውን ግምት አይቶ ሰው ይደናገጥና አንደበቱ ይተሳሰራል። ትምህርት ቤት መምህሩ ቃለ ጽሕፈት ሲያነቡ እንደነበረው፣ ሳይጮሁ፣ ሳይጎትቱ፣ የቃሉን መጨረሻ ሳይውጡ መናገር ይበቃል። ጆሮ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክሮፎን ከአፍ ከራቀ ጥሩ ስልክ ይበልጣል። እኔ አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን በኋላ በእጄ ነው የማስገባው።

የፊደሉ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ ሠረቀች ስንልና ሌባ ሰረቀ ስንል ጆሮ የሚሰማው «ሰ» አንድ ነው። ማሽኑ የሚመርጠው በብዛት ተጽፎ ያየውን ነው፤ ድሩ ላይ ያለው አማርኛችን ደግሞ «ሠ»ንና «ሰ»ን፣ «ሐ»ንና «ሀ»ን እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ያቀያይራል። በስም ላይ ይህ ያስቀይማል፤ ኃይሉ ስሙን በ«ሀ» ተጽፎ ማየት ላይወድ ይችላል። «ሚቲንጉ ካንስል ሆኗል» እያልን ሁለት ቋንቋ ስንቀላቅልም ማሽኑ ይጠፋበታል።

ከዚህ የሚከብደው ማንን ደኅና አድርጎ እንደሚሰማ ነው። በ2020 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን መሣሪያዎች መርምሮ የጥቁር አሜሪካውያንን ንግግር ሲጽፉ ከ100 ቃል 35 ያህሉን፣ የነጮቹን ሲጽፉ 19 ያህሉን እንደሚስቱ አገኘ። ማሽኑ በብዛት ያልሰማውን አነጋገር በደንብ አይገምትም። የዜና አንባቢን አማርኛ ጠግቦ ያደገ መሣሪያ የጎጃም ወይም የወሎ ገበሬ ሲያወራ፣ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት ሲተርኩ ይደናቀፋል፤ ብዙ ያልተጻፈ ታሪክ ያለው ደግሞ እነሱ ዘንድ ነው። በጎ ፈቃደኞች ድምፃቸውን የሚሰጡበት የሞዚላ ኮመን ቮይስ አማርኛንም ይቀበላል። ከተማ ያልገባ አነጋገር እዚያ እንዲካተት የቋንቋ ክፍሎቻችንና ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ቢተባበሩ እወዳለሁ፤ በጣቢያዎቹ መዝገብ ቤት የተኛው የሰው ድምፅ ብዛት ቀላል አይደለም።

ግምቱ የሚያስፈራበት ቦታም አለ። ዊስፐርን የመረመሩ ተመራማሪዎች ከፈተሿቸው የድምፅ ቁራጮች 1 በመቶ በሚሆኑት ላይ ማንም ያልተናገረውን ሙሉ ሐረግ ፈጥሮ እንደጻፈ በ2024 አሳውቀዋል፤ ረጅም ዝምታ ሲገጥመው ባዶውን ይሞላል። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ድምፁን ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ልከው ስለሚያስጽፉ የደንበኛ ምስጢር የያዘ ጠበቃና ሐኪም ከመናገሩ በፊት ድምፁ የት እንደሚሄድ መጠየቅ አለበት። የተጻፈውንም ሦስት ነገር ነጥሎ ይፈትሽ፤ ስሞችን፣ ቁጥሮችንና አሉታን። «ሰባት» እና «ሰባ»፣ «ዘጠኝ» እና «ዘጠና» በጆሮ ይቀራረባሉ፣ በመድኃኒት መጠን ግን አይቀራረቡም። «አል» የምትለው ቅጥያ በፈጣን ንግግር ከተዋጠች ደግሞ ያልከፈለው ከፍሏል ይባላል፣ ያልተከተበው ልጅም ተከትቧል ተብሎ ይመዘገባል።