በደካማ ኔትወርክ የሚከፈት ገጽ

ኢትዮጆብስን ወይም የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች ለጥቂት ሳምንታት የተከታተለ ሰው በሶፍትዌር ሥራዎች ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። «ጁኒየር» ተብሎ የወጣው የሥራ መደብ ዝቅ ብሎ ሲነበብ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ ልምድ ለሌለው በሩ ዝግ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ልጅም ችግር ነው። ከዋና ከተማዋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው የዋግ ኽምራ ከተማ ሰቆጣ የሚኖር ወጣት ግን በዚያ ላይ የሚያስጠጋ መሥሪያ ቤት፣ አጠገቡ ተቀምጦ ኮዱን የሚያርምለት ባለሙያ ማግኘት ይቸግረዋል። እንዲህም ሆኖ የዋግ ኽምራ ወጣት እንደ ጉድለት የሚቆጠሩበት ሁለት ነገሮች፣ ቀርፋፋው ኔትወርክና እንግሊዝኛ የማይናገረው ተጠቃሚ፣ የመጀመሪያ ሥራውን ሊያስገኙለት የሚችሉ ዕውቀቶች ናቸው ባይ ነኝ። ማጋነን ይመስላል፤ ስለዚህ ማስረጃውን ላቅርብ።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ተማሪ የፈተና ውጤቱን ለማየት መለያ ቁጥሩን የሚጽፍበት ሳጥን፣ የሚጫነው ቁልፍ፣ ቁጥሩን ሲሳሳት የሚመጣበት ቀይ ጽሑፍ፣ ይህ ሁሉ የፍሮንት ኤንድ ሥራ ነው። ውጤቱ የተከማቸበት ዳታቤዝ የሌላ ባለሙያ ድርሻ ነው። ኤችቲኤምኤል የገጹን አካል፣ ሲኤስኤስ መልኩን፣ ጃቫስክሪፕት እንቅስቃሴውን ይሰጣሉ፤ እንደ ሪአክት ያሉት ዝነኛ መሣሪያዎች በእነዚህ ላይ የተገነቡ ናቸው። ሦስቱንም ለመማር ክፍያ አያስፈልግም፤ ለመሞከርም ኮምፒውተርና ብራውዘር ካሉ ይበቃል። ብዙ ወጣት ወደ ሶፍትዌር የሚገባው በዚህ በር መሆኑ አያስገርምም።

የሚገባውም ወጣት እየበዛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ሰፊ ትውልድ ሌላ መንገድ መፈለጉ ግድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ትምህርት በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል፣ ለጨረሰም ሰርተፊኬት አለ። ትምህርቱን የሚያጣጥል ሰው ተሳስቷል። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን ሰው እንዲይዘው የታሰበ ወረቀት አንዱን ከሌላው ለመለየት አይጠቅምም። ቀጣሪው የሚያየው ፖርትፎሊዮም ከወረቀቱ አይሻልም፦ ካልኩሌተር፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ፣ የዕለት ሥራ ዝርዝር። ሁሉም ከአንድ የዩቲዩብ ትምህርት የተቀዱ ስለሆኑ የአሥራ አምስተኛውን አመልካች ሥራ ሲከፍት ዓይኑ ይደክማል። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ልጅ አንድ ሥራ ብሰጠው እኔ ሳልቆምበት ይጨርሰዋል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ከሰቆጣ ሊመጣ የሚችለው የመጀመሪያው መልስ ክብደትን ይመለከታል። በዓለም ላይ ያሉ ድረ ገጾች መካከለኛ ክብደት ዛሬ ከ2 ሜጋባይት ያልፋል። በሴኮንድ 200 ኪሎቢት ብቻ በሚሰጥ ኔትወርክ 2 ሜጋባይት ለማውረድ 80 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ገጹ 200 ኪሎባይት ቢሆን 8 ሴኮንድ ይበቃዋል። ሰማንያ ሴኮንድ የሚጠብቅ ገበያተኛ የለም፤ በዚያ ላይ ዳታው በገንዘብ የተገዛ ነው። ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ደግሞ ሙያ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ ይህን የሰማ ሰው አማርኛ ገጽ ያከብዳል ብሎ ሊፈራ ይችላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፦ 5,000 ፊደል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ወደ 15 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ሳይቀነስ ቢለጠፍ ሦስትና አራት ሜጋባይት ይሆናል። ፎቶውን አሳንሶ የሚያስገባ፣ ከ300 በላይ ፊደል ካለው የግዕዝ ፎንት ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ቆርጦ የሚጭን፣ ጃቫስክሪፕቱ ሳይወርድም ጽሑፉ እንዲነበብ የሚያደርግ ጀማሪ፣ ፈጣን ዋይፋይ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ብዙ ነባሮች የሚዘነጉትን ያውቃል። በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ፣ ወይም በደሃና ተራሮች መካከል፣ የሠራውን ገጽ በርካሽ ስልክ ከፍቶ የሚሞክር ሰው ከፈተናው ሽሽት የለውም።

ሁለተኛው መልስ ከዚህም ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ፈጣን ኔትወርክ ነገ ሊመጣ ይችላል፣ ይህኛው ግን አብሮን የሚኖር ነው። ከውጭ የተቀዳ የመመዝገቢያ ቅጽ ለኢትዮጵያዊ ሲቀርብ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። የትውልድ ቀን ሲጠይቅ ብራውዘሩ ራሱ የሚያቀርበው የቀን መምረጫ የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ እናት የልጇን ልደት የምታውቀው ጳጉሜን ባለው ካሌንደር ነው፣ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት በጭንቅላቷ ስታሰላ ትሳሳታለች፤ ስሕተቱም በክሊኒክ ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ይቀራል። የሚገርመው ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ቀን አቆጣጠር የማሳየት አቅም በውስጡ አለው፤ ሰው የሚመርጥበትን ሳጥን ግን ሠርቶ ማቅረብ የዴቨሎፐሩ ሥራ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ለታካሚ «9፡00» ተብሎ የተሰጠ ቀጠሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት? ፍለጋው ደግሞ የባሰ ነው። አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሳጥን ለመሥራት የሚያስፈልገው ኮድ ጥቂት መስመር ነው፤ ችግሩ መኖሩን ማወቅ ነው ዋናው። እነዚህን አራት ነገሮች ያሟላ አንድ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይ ሆኖ ማንም እንዲከፍተው ተደርጎ፣ ከአሥር ካልኩሌተር ይበልጣል።

ዋግ ውስጥ ሌላም ተጨማሪ አለ፤ ከአማርኛ ጋር ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣና ይነገራል። ኽምጣና በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አለው፤ ገጹን የሠራው ሰው ያንን ኮድ ካስገባ ብራውዘሩ ቋንቋውን በአማርኛነት አይመዘግበውም። በአገው ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚገባው ጘ የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ሲገባ፣ በ1999 እ.ኤ.አ.፣ አብሮ የገባ ነው፤ ፊደሉን ያላካተተ ፎንት ከተመረጠ ግን አንባቢው የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። በሁለት ቋንቋ የሚቀያየር፣ ፊደሉ የማይሰበር ገጽ የሠራ ወጣት ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ባንክም፣ ቴሌኮምም፣ የእርዳታ ድርጅትም የሚፈልገውን ሥራ ሠርቶ አሳይቷል።

እዚህ ላይ ጥሩ ተቃውሞ ይነሣል፦ ሰቆጣ ውስጥ ለዚህ የሚከፍል ማነው? ሱቁ በቴሌግራም፣ ሆቴሉ በፌስቡክ ይበቃኛል ይላል፤ ትክክልም ነው። ለእነሱ «ዌብሳይት ልሥራላችሁ» ማለት ያላመማቸውን መድኃኒት መሸጥ ነው። ፌስቡክ የማይሠራቸው ነገሮች ግን አሉ። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ ውጤት የሚያይበት ገጽ ያስፈልገዋል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ማርና ፍየል የሚመዘግብበት ቅጽ ይፈልግ ይሆናል፤ ከሰቆጣ አቅራቢያ ያለውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ተነሥቶ ማየት ለሚሻ መንገደኛ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ቀላል ገጽ ይጠቅመዋል። ክፍያው ትንሽ ነው፤ በነፃ ከመሥራት ግን ትንሽም ቢሆን በጽሑፍ ውል ይሻላል፤ ምክንያቱም ነፃ ሥራ ማብቂያ የለውም፣ ባለቤቱም በየቀኑ ሐሳቡን ይቀይራል። ደንበኛው ሲቆጣ፣ ቀነ ገደብ ሲያልፍ፣ የተሠራው ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ማለፍ ነው ማስታወቂያው «ልምድ» የሚለው።

ሌላው ተቃውሞ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመጣ ነው። ቻትጂፒቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩ ጥቃቅን ሥራዎችን ማሽኑ በደቂቃ ይጨርሳል፤ ታዲያ ጀማሪ ለምን ይቀጠራል? ይህን ተቃውሞ በሙሉ ልመልሰው አልችልም። የጀማሪው ደረጃ ከፍ ብሏል፣ ተራ ገጽ ብቻ የሚሠራ ሰው ቦታው ጠቧል። ማሽኑ ግን በጣም የሚበረታው ሺህ ጊዜ በተጻፈ ነገር ላይ ነው፤ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የተሳሳተ እንደሆነ፣ የኽምጣናው ቃል የተበላሸ እንደሆነ አይቶ የሚያርም ሰው ያስፈልገዋል። በቃለ መጠይቅም ላይ «ይህ መስመር ለምን እዚህ ገባ?» ተብሎ የሚጠየቀው አመልካቹ ነው፤ ያልገባውን ኮድ ያቀረበ እዚያው ይታወቃል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መብራትና ላፕቶፕ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣን ከመብራትና ከስልክ ቆርጧት ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ፣ ከውጭ የሚገባው ላፕቶፕም አብሮ ተወደደ። ጎበዝ መሆን ይህን አይመልስም። ኮድ ለመጻፍና ገጹን በራስ ኮምፒውተር ላይ ለማየት ኢንተርኔት አለማስፈለጉ፣ ትምህርቱንም ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዶ ማቆየት መቻሉ ጫናውን ያቀልላል እንጂ አያጠፋውም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍሎች ከመደበኛው ትምህርት ሰዓት ውጭና ቅዳሜ ክፍት ቢሆኑ ከብዙ ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ ወጪውም የአንድ ጠባቂ አበል ነው።

ከሰቆጣ ሳይወጡ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ ድርጅት መሥራትስ? በሒሳብ ያማልላል፤ የቤት ኪራዩ ይቀራል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም። መስመር ሲቋረጥ ቀጣሪው የሚያውቀው የቀረውን ሥራ ብቻ ነው፤ ጀማሪም ከአጠገቡ ከተቀመጠ ነባር የሚማረውን በስክሪን አያገኘውም። ባሕር ዳር፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ዓመት መሥራት፣ ከዚያ ርቀቱን መደራደር ይሻላል። ቀጣሪዎችም በበኩላቸው አንድ ነገር ቢያሻሽሉ ደግ ነው፦ ለአመልካች የሚሰጡት የሙከራ ሥራ በ48 ሰዓት ይመለስ ሲሉ የሚለኩት ችሎታን ብቻ አይደለም፣ የማን ሰፈር መብራት እንዳልጠፋም ጭምር ነው። ሳምንት ቢሰጡና ገጹ በደካማ ኔትወርክ መከፈቱን ቢፈትሹ ከሰቆጣ የሚመጣውን አመልካች በትክክል ያዩታል።