ስለ ሠፈር አመራረጥ፦ የኮሎምበስ ከተማ ምሳሌነት

በአገራችን ባላገሩ መሬቱን ከጎረቤቱ መሬት የሚለይበት የወሰን ድንጋይ አለው፤ ድንጋዩም በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ስለ ሆነ፣ አባት ልጁን ይዞ ወጥቶ «ከዚህ ወዲህ የእኛ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የእነ እገሌ ነው» ብሎ ካሳየው ነገሩ ያለቀ ነው። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በሚባለው ክፍል፣ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኮሎምበስ ቤት የሚፈልግ ሰው ግን የሚያጋጥመው ወሰን ከዚህ የተለየ ነው። መንገዱ አንድ፣ የቤቶቹ አሠራር አንድ፣ የዛፎቹም ጥላ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በሚተያዩ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና የሚከፍሉትን ግብር የሚለያይ የማይታይ መስመር አልፎ ይገኛል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ በዋሺንግተን አካባቢ የቤት ኪራይ ያማረራቸው ወጣት ባልና ሚስት ወደዚያች ከተማ ለመዛወር ቈርጠው ቤት ሲፈልጉ አብሬያቸው ዞሬ ያየሁት ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኮሎምበስ በ1812 ሳዮቶ በሚባለው ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ናት። በ1950 በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዋ 375,901 ነበረ፤ በ2020 ግን 905,748 ደርሷል። በዚያችው ግዛት በስተሰሜን ያለችው ክሊቭላንድ በ1950 ከነበራት 914,808 ሕዝብ በ2020 የቀራት 372,624 መሆኑን ያየ ሰው፣ ሁለቱ ከተሞች በሰባ ዓመት ውስጥ ዕጣቸውን የተለዋወጡ ይመስለዋል። ክሊቭላንድን የጐዳት የፋብሪካው መዳከምና የነዋሪው ወደ ከተማ ዳርቻ መፍለስ ሲሆን፣ ኮሎምበስ ግን በአንድ ፋብሪካ ዕድል ላይ ሳትመሠረት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በ1870 በተመሠረተው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ በሆስፒታሎችና በታላላቅ የዕቃ መጋዘኖች ስትደገፍ ኖራለች።

የእድገቷን ምሥጢር በጥልቅ ለሚመረምር ግን ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ከ1954 ጀምሮ ከንቲባ የሆኑት ጃክ ሴንሰንብሬነር፣ በዳርቻው ያሉት መንደሮች የከተማውን የመጠጥ ውሃና የፍሳሽ መስመር ሲለምኑ፣ «መሬታችሁን ወደ ከተማው ክልል ካስገባችሁ ውሃው ይደርሳችኋል፣ ካላስገባችሁ ግን አይደርሳችሁም» የሚል ፖሊሲ አጸኑ። በዚህም ምክንያት ከተማዋ ሜዳውን እየጠቀለለች ከ220 ስኩዌር ማይል በላይ ተንሰራፋች። ተራራም ባሕርም የማያግደው ሰፊ ሜዳ ስላላት፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጠረፍ ካሉት ታላላቅ ከተሞች ጋር ስትነጻጸር የቤት ዋጋዋ ዝቅ ብሎ ኖረ። ሆኖም «ርካሽ» የሚባለው ቃል ዘላለማዊ ጠባይ አይደለም፤ ሰው በበዛ መጠን ዋጋውም ይወጣልና፣ ከዐሥር ዓመት በፊት የተዛወረ ወዳጅ የነገረንን ዋጋ ተስፋ አድርጎ መሄድ ሐዘን ያመጣል።

ከማይታዩት መስመሮች ሁሉ መጤውን በይበልጥ የሚያሳስተው የትምህርት ቤት ወሰን ነው። ከተማው በውሃ ኃይል መሬት ሲጠቀልል የትምህርት ቤቶቹ ክልል አብሮ አልሰፋም። በ1977 የፌዴራሉ ዳኛ ሮበርት ዳንከን የኮሎምበስ ትምህርት ቤቶች ሆን ተብሎ በዘር እንዲለያዩ መደረጋቸውን ፈረዱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1979 ፍርዱን አጸና። ብዙ ቤተሰብ ወደ ዳርቻው በሚሸሽበት በዚያ ዘመን፣ ወደ ከተማው በተጠቀለለ መሬት ላይ የሚኖር ልጅ የት ይማር የሚለው ጥያቄ ጭቅጭቅ ሆኖ ቈየና፣ በ1986 «ዊን ዊን» የተባለው ስምምነት ተደረገ። ከተማው አስቀድሞ የጠቀለለው መሬት፣ በዳርቻው የትምህርት ቤት ክልል ሥር ከነበረ፣ በዚያው እንዲቀር ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬ ፖስታው «ኮሎምበስ» ተብሎ የሚመጣለት፣ የኮሎምበስ ፖሊስ የሚጠብቀው ቤት፣ ልጆቹን የሚልከው ወደ ዌስተርቪል ወይም ወደ ደብሊን ወይም ወደ ሂልያርድ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። አድራሻውን አይቶ ትምህርት ቤቱን የገመተ ሰው፣ መጽሐፉን በልባሱ እንደ ፈረደ ይቈጠራል።

ይህ መስመር ከግብሩ ጋር የተቈራኘ ነው። በኦሃዮ ትምህርት ቤቶች ከሚተዳደሩበት ገንዘብ ትልቅ ክፍሉ ከቤትና ከመሬት ግብር የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ዴሮልፍ በተባለው ክርክር ይህ አሠራር ከግዛቱ ሕገ መንግሥት ጋር እንደማይስማማ ፈርዶ ነበር፤ ነገር ግን በንብረት ግብር ላይ የመደገፉ ልማድ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተወገደም። ስለዚህ ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች በወር የሚያስከፍሉት ግን እኩል ላይሆን ይችላል፤ ለባንክ በሚከፈለው የሞርጌጅ ዕዳ ላይ ግብሩና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ካልታሰበ፣ ሂሳቡ የተሟላ አይደለም። ከዚህም ሌላ ኮሎምበስ ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 2.5 ግብር ትወስዳለች፤ ይህ ዐይነቱ ግብር መጀመሪያ የሚከፈለው ለሚሠሩበት ከተማ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ከተማ ሠርቶ በሌላው የሚያድር ሰው፣ የሚያድርበት ከተማ ተጨማሪ ይጠይቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ደግነቱ የአውራጃው ኦዲተር መዝገብ ለሁሉ የተከፈተ መሆኑ ነው፤ ማንም ሰው የቤቱን ቍጥር ጽፎ፣ ቤቱ መቼ እንደ ተሠራ፣ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ግብሩም ስንት እንደ ሆነ፣ ደላላ ሳይለምን በነጻ ያነባል።

ሌሎች መስመሮች ደግሞ በሐዘን የተሰመሩ ናቸው። በ1930ዎቹ የመንግሥት ቤት አበዳሪ ድርጅት የከተማዎችን ካርታ በቀለም ሲከፋፍል፣ ጥቁሮችና ድኾች የሚኖሩበትን ሠፈር ቀይ እየቀባ ለብድር የማይታመን አድርጎ አስቈጠረው። ቀጥሎም አውራ ጎዳናዎቹ መጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጥቁር ወታደሮች ቤት የተሠራበትን ሃንፎርድ ቪሌጅን፣ ሰባ ቍጥር አውራ ጎዳና በ1960ዎቹ መካከሉን ሰንጥቆት አለፈ፤ ለአገር ዘምተው የተመለሱ ሰዎች በቈጠቡት ገንዘብ የገዙት ቤት ለመኪና መተላለፊያ ፈረሰ። አንዱ ሠፈር ለምለም፣ ሌላው ጠውላጋ ሆኖ የምናየው በነዋሪው ስንፍና ወይም ትጋት ብቻ የሆነ የሚመስለው ሰው፣ ይህን ታሪክ ያልሰማ ነው። ደኻ ሠፈር ሁሉ ክፉ፣ ውድ ሠፈር ሁሉ ደግ ብሎ መደምደምም ታላቅ ስሕተት ነው።

በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ፣ ከኋላ ከተጨመረበት ጋር፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር፣ በጾታ፣ በአካል ጉዳትና በቤተሰብ ሁኔታ ምክንያት ሰውን ከቤት መከልከልን አገደ። ወጣቷ ሚስት ደላላይቱን «ለእኛ ለሐበሾች የሚስማማው ሠፈር የትኛው ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ደላላይቱ ፈገግ ብላ ዝም ማለቷን መጀመሪያ እንደ ንፍገት ቈጥረነው ነበር፤ ኋላ ግን ገዢን በዘሩ ወደ አንድ ሠፈር መምራት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ይህን ጥያቄ መመለስ የደላላ ሥራ ሳይሆን የገዢው የራሱ ሥራ ነው፤ የሚመልሰውም በእግሩ ነው።

እኛም በእግራችን ዞርን። ወደ ከተማዋ ከአርባ ዓመት በፊት በስደት የመጡ አንድ ሽማግሌ ይመሩን ነበር። በክሊቭላንድ አቬኑና በሞርስ ሮድ በሚባሉት ጎዳናዎች ግራና ቀኝ የእንጀራ ቤቱ፣ የሶማሌው ሱቅና የኔፓሎቹ ምግብ ቤት ተደርድረው አየን፤ ኮሎምበስ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩባት፣ ከቡታን የተሰደዱ ኔፓልኛ ተናጋሪዎችም በብዛት የሰፈሩባት ከተማ ናትና። የእኛም ወገኖች ቤተ ክርስቲያን አቋቁመው፣ ዕድርና ዕቁብ መሥርተው ይኖራሉ፤ የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት የተባለው ድርጅትም ኢትዮጵያዊ ነህ አይደለህም ሳይል ከየአገሩ የሚመጣውን ስደተኛ ይረዳል። ሽማግሌው ግን፣ «ለእሑድ ቅዳሴ ግማሽ ሰዓት መንዳት አይከብድም፤ ለየዕለቱ ሥራ አንድ ሰዓት መንዳት ግን ትዳር ያናጋል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ወደ ከተማዋ ከ1979 ጀምሮ የመንገደኛ ባቡር አይመጣም፤ አውቶቡሱም ቢሆን በክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ከ2018 ጀምሮ እንደሚመላለሰው ፈጣን መስመር በሁሉም ሠፈር ቶሎ ቶሎ አይመጣም። በጥር ውርጭ፣ መጠለያ በሌለው ፌርማታ ላይ ሃያ ደቂቃ የቆመ ሰው፣ ቤት ከመግዛቱ በፊት የአውቶቡሱን ሰዓት መመልከት ለምን እንደሚገባው ማንም ሳያስተምረው ይገባዋል።

በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስቱ የወደዱት ቤት ተገኘ። ቀይ ጡብ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከደጁም ያረጀ ሜፕል ዛፍ ነበረው። ወጣቱ «ጋሼ፣ ይኸው አገኘነው! ወጥ ቤቱን ይዩልኝ» እያለ ሲጣደፍ፣ ሽማግሌው ወጥ ቤቱን ሳያዩ ቤዝመንት ወደሚሉት ምድር ቤት የሚያወርደውን ደረጃ ያዙ። የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ከግድግዳው ግርጌ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ በሲሚንቶው ላይ እንደ ጨው የነጣ መስመር ዙሪያውን ይሄድ ነበር። ጣታቸውን አስኪደውበት ዱቄቱን አሳዩንና፣ «ልጄ፣ ቤቱ ያምራል፤ ነገር ግን ውሃ ከአንተ ቀድሞ ገብቶበታል» አሉት። ጥግ ላይ ውሃ የሚያወጣው ሳምፕ ፓምፕ ነበረ፤ ሶኬቱ ግን ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ለዚች ከተማ የውሃ ነገር ቀልድ አይደለም። ከኮሎምበስ ቀድሞ በ1797 የተመሠረተው ፍራንክሊንተን በ1913 ጐርፍ ክፉኛ ተመትቶ፣ የመከላከያው ግንብ እስከ ተፈጸመበት እስከ 2004 ድረስ፣ ከመሐል ከተማ በድልድይ ርቀት ላይ እያለ ሳይለማ ኖሯል። ስለዚህ የጐርፍ ካርታን ማየትም፣ ለቤት ኢንስፔክተር ገንዘብ መክፈልም አይቈጭም። ኢንስፔክተሩም በዐይን የማይታየውን እንዲለካ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ሬዶን የሚባለው ሽታና ቀለም የሌለው ጋዝ በዚህ አውራጃ ከመሬት ውስጥ በብዛት ስለሚወጣ፣ ልኬቱ በሊትር 4 ፒኮኪውሪ ከደረሰ ወይም ካለፈ በቧንቧና በማራገቢያ ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤትም የእርሳስ ቀለም ሊኖር ስለሚችል፣ ሕፃን ያለው ቤተሰብ የተላጠ ግድግዳን በቸልታ ማለፍ የለበትም።

ባልና ሚስቱ ያንን ቤት ተዉት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው እንዳይሆንባቸው፣ አንድ ዓመት በኪራይ ተቀምጠው ሠፈሮቹን በአራቱም ወቅት፣ በቀንም በሌሊትም፣ በሥራ ቀንም በበዓልም ሊያዩ ወሰኑ። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ በስልክ መስተዋት ቤት የሚመርጥ ሰው የሚያየው ግድግዳውን ነው፤ ማታ የሚጮኸውን፣ ጧት ሰላም የሚለውን፣ ልጅ በብስክሌት ሲወድቅ ሮጦ የሚያነሣውን ግን ፎቶግራፍ አያሳየውም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት አባቶቻችን፣ አጥቢያ የሚለውን ቃል ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ብቻ ሳይሆን፣ አብረው ለሚያዝኑና አብረው ለሚደሰቱ ጎረቤታሞች ጭምር የተጠቀሙበት በከንቱ አይደለም።

በመጨረሻ በከተማው ሰሜን አንድ አነስተኛ ቤት ገዙ። በገቡበት ክረምት የመጀመሪያው ከባድ በረዶ የወረደ ዕለት፣ ወጣቱ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣ ከጎን ያለችው አሜሪካዊት ባልቴት አካፋዋን ይዛ በእግረኛው መንገድ ላይ አያት። የራሷን ደጅ ጠርጋ ጨርሳለች፤ ግን አላቆመችም ነበር። የሁለቱን መሬት የሚለየውን መስመር፣ በኦዲተሩ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ወሰን አልፋ፣ እስከ እነርሱ ደረጃ ድረስ ጠርጋላቸዋለች። ወጣቱ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በማግሥቱም ሚስቱ ቡና አፍልታ ጠራቻት።