አዲስ ብስክሌት፦ ከፍጥነት በፊት ማቆምን መልመድ

የአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ስሙ ከፈረስ ጋር ተያይዞ የሚነሳ አካባቢ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ ሽምጥ የሚጋልበው ፈረሰኛ ለዚያ የበቃው የፈረሱን ጠባይ አጥንቶ፣ ልጓሙ ምን ያህል እንደሚገታው ለይቶ ነው። አዲስ ብስክሌት የገዛ ሰውም ይኸው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የብስክሌት ልጓም ፍሬን ነውና።

አዲስ መሆን እንከን የለሽ መሆን አይደለም። ብስክሌት ብዙ ጊዜ ተፈታትቶ በካርቶን ስለሚመጣ የሚገጣጠመው በሚሸጥበት ቦታ ነው። ከመንዳት በፊት የመሪው፣ የፔዳሉና የጎማዎቹ ብሎኖች መጥበቃቸውን ማረጋገጥ ይገባል። የፍሬን ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚላላ ጥቂት ከተነዳ በኋላ በጠጋኝ ማስጠበቅ ያስፈልጋል። ለማጅ ደግሞ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት እንዲነኩ ኮርቻውን ዝቅ ቢያደርግ፣ ሲንገዳገድ ራሱን መደገፍ ይችላል።

ቀጥሎ ከተሽከርካሪ ነጻ በሆነ ደልዳላ ሜዳ መቆምን መለማመድ ነው። የፊቱና የኋላው ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ከብስክሌት ብስክሌት ሊለያይ ስለሚችል አስቀድሞ መለየት ያሻል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ብቻውን በድንገት ከተጨበጠ ግን አሽከርካሪውን ወደ ፊት ሊወረውር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት ቀስ በቀስ ማጥበቅ ይመረጣል።

እንጅባራ ዝናብና ጉም የሚበዛባት ከተማ ናት። ቸርኬን በላስቲክ ጨብጦ የሚያቆም ፍሬን በውኃ ሲርስ ኃይሉ ይቀንሳል፤ እርጥብ ኮብልስቶንም ያንሸራትታል። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን ቀደም ብሎ በስሱ እየያዙ ውኃውን ከቸርኬው መጥረግ፣ ለመቆሚያም ረዘም ያለ ርቀት መተው ይገባል። ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው እንጅባራ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ዳንግላ እስኪደረስ ከፍታው በ400 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። መንገዱ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበት የአዲስ አበባ ባሕር ዳር ዋና መንገድ በመሆኑ የለማጅ ቦታ አይደለም። ልምድ ያለውም ቢሆን ፍጥነቱን መቀነስ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ብስክሌቱ ከፈጠነ በኋላ አይደለም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ጉዳይ የመንገድ አቅጣጫ ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ ከፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ እያየ ይሄዳል፤ ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ በመሆኑ ቀኙን ይዞ ይነዳል። ተሳፋሪ ለማንሳት በድንገት ከሚቆም ባጃጅና ከጋሪም ራቅ ማለት ተገቢ ነው።

ወደ ገበያ ዕቃ ለማድረስ ብስክሌት የገዛ አርሶ አደር ያለ ጭነት መንዳቱንና ማቆሙን በደንብ እስኪለምድ ድረስ ባይጭን ይመረጣል። ጭነት የመቆሚያውን ርቀት ያስረዝማል፤ መሪው ላይ የተንጠለጠለ ጀሪካን ደግሞ ሚዛን ያስታል። ማለዳና ምሽት መብራትና አንጸባራቂ ያስፈልጋል።

በየዕለቱ ከመነሳት በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት በቂ ፍተሻ ነው። የፍሬኑ መያዣ መሪውን እስኪነካ ከተጨበጠ ወይም ጎማው ከተንከባለለ፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ጠጋኝ፣ እሱም ብስክሌቱን በእጅ እየገፉ ሊሆን ይገባል።