ከጅዳ ተመልሰው ካራቆሬ ያልደረሱ

ካራቆሬ ውስጥ፣ በደሴ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ወጣት ስኒዎቿን ደርድራ ስትጨርስ እንኳ አትቀመጥም። አጠገቧ በርጩማ አለ። «አረፍ በይ እንጂ እህቴ» ብላት፣ «ጅዳ ማዳም ፊት ስድስት ዓመት ቆሜ ነው የኖርኩት፤ መቀመጥ እስካሁን ያስፈራኛል» አለችኝ። የተመላሾችን ጉዳይ እንድከታተል ያደረገኝ መልሷ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከ2009 የምሕረት ጊዜ ወዲህ ደግሞ በመቶ ሺዎች ተጨምረዋል። ብዙዎቹን ቦሌ ላይ የጠበቃቸው ጊዜያዊ መጠለያና የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች አዲስ አበባ ላይ ሕመም ለጠናባቸው መጠለያና ምክር ሰጥተዋል። ከአውቶቡስ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ብዙም የሚጠይቅ የለም።

«በላክሁት ብር ቤት ተሠራ» አለችኝ ልጅቱ። «እኔ ግን እቤቱ ውስጥ እንግዳ ነኝ፤ እህቶቼ ለእንግዳ በሚወጣው ስኒ ቡና ያቀርቡልኛል። ሌሊት በዐረብኛ እቃዣለሁ፤ እናቴ ምን እንደምል አይገባትም፣ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።»

ካራቆሬ የምትገኝበት ይፋት ከጥንት በዘይላ ንግድ የከበረ፣ መንገደኛ መቀበል የሚያውቅ አገር ነው። የጨነቀውን ሰውም ብቻውን አይተውም። በይፋትና በወሎ ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ጉባኤ ሲጠራ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፤ ባለጉዳዩ የከበደውን በሰው መካከል ይናገራል፣ ጉባኤው በዱዓ «አሚን» ይልለታል። ከዚህ የተለየውን የጎንደር ዛር ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን መሲንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዛሩን ማኅበር የቡድን ሕክምና ብሎታል፤ ችላ የተባሉ ሴቶች እዚያ ሰሚና ክብር ያገኙ ነበር። ተሰብስቦ መደማመጥ ለእኛ ባዕድ ሕክምና አይደለም።

የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ግን ለረጅም ዘመን ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነበር። ስለ ተመላሾች ክትትል የጠየቅኋቸው አንድ ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልካቸው አልተነሣም።

ያልታከመ ተመላሽ ዳግመኛ ደላላ እጅ ሊወድቅ ይችላል። በ2013 ግጭት አጣዬና ካራቆሬ ሲቃጠሉ ደግሞ መመለሻው ቤት ራሱ ተናጋ።

ስለዚህ ቦሌ ላይ የተመዘገበው ስም ተመላሹ ወደሚሄድበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይላክ። አንዲት የሠለጠነች ነርስ ተመላሾቹን ከነቤተሰቦቻቸው በየጊዜው ሰብስባ ታነጋግር፤ የሀገር ሽማግሌዎችም ያግዟት። የልጆቹን ገንዘብ የተቀበለ አገር ሕመማቸውንም መቀበል አለበት።